የእትዬ ሊሾ

የካቲት 20

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አክስቴ፣

ይህ ወረቀት ባሉበት አገር በሙሉ ጤናና በሰላም እጅዎ ይግባ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴም ልጆቹም እጅ ይነሣሉ። የብየዳ ቤቱም እየሠራ ነው፤ መብራት የጠፋ ቀን ግን ከብረት ይልቅ ወሬ ስንበይድ እንውላለን።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ግቢያችን ነው። ሰፈራችን ቁልቁለት መሆኑን እኔ ለርስዎ አልነግርዎትም። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሰው ሁሉ ግቢውን ሊሾ አስደረገ፣ መንገዱም አስፋልት ሆነ። አሁን ዝናብ ሲጥል ወደ መሬት የምትሰርግ አንዲት ጠብታ የለችም። የላይኛው ግቢ ለታችኛው እያቀበለ ውሃው ሁሉ ተጠራቅሞ ከኛ አጥር በታች ልብስ ሰፊዋ ቤት ይገባል። ሴትዮዋን ያውቋታል፣ የእናቴ ባልንጀራ ናት። ባለፈው ክረምት የስፌት መኪናዋን አልጋው ላይ አውጥታ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ያደረችው። በበጋ ደግሞ በተራው ሲሚንቶው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ልጆቹ በባዶ እግር ሊረግጡት አይችሉም።

ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ከላይ እስከ ታች ያለውን ሰው ሰብስበው አንድ ሐሳብ አመጡ። እያንዳንዱ ቤት የግቢውን ሲሚንቶ አንሥቶ አፈሩን ይግለጥ፣ ሣርና ዛፍ ይትከል፣ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ድንጋይ ወደተሞላ ጉድጓድ ያግባ ነው የሚሉት። «መሬቱም ይጠማዋል እኮ» ይላሉ። በስፋት የኛን ግቢ የሚያህል የለም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ቤት ከሚገባው ውሃ አብዛኛው የኛ ነው።

ግቢው ግማሹ የርስዎ ነው፣ ግማሹ በእናቴ በኩል የኔ ነው። ሊሾውን ግን ሙሉውን ያስደረጉት እርስዎ ነዎት። ያለ ፈቃድዎ አንዲት ጠጠር አላነሣም። ክረምቱ ሳይገባ መልስዎን እጠብቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣ ሽቦ
(ከርስዎ በቀር ማንም በዚህ ስም እንዲጠራኝ የማልፈቅድ)

መጋቢት 22

ለሽቦ፣

ጤናህን ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ሚስትህን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አታንሣው፤ ስሙ ሲጠራ ይሰማል።

ገንዘብ ያልጠየቅክበት የመጀመሪያው ደብዳቤህ ነው። አንብቤው ስጨርስ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ከዚያ ፖስታውን ከፍቼ አራገፍኩት። ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት።

ሽቦ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልህ። ያንን ሊሾ ያስደረግሁት እዚህ የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ውስጥ የማላውቀውን ሰው አንሶላ እያጠብኩ ነው። እናቴ ጭቃ ሳትረግጥ ትሙት ብዬ ነው። ግንበኛው ሲሚንቶ እንዳይሰርቅ እናትህ ጃንጥላ ይዛ አጠገቡ ስትቀመጥ ነበር የከረመችው። ሊሾው ደርቆ መጀመሪያ ሲታጠብ «እንደ መስተዋት ያበራል» ብላ ጻፈችልኝ። ያንን ደብዳቤ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። የዓለም ሰው ሊሾ ለማስደረግ ሲለፋ አንተ የተደረገውን ላፍርስ ትለኛለህ። መሬቱ ጠማው ብለህ።

እኔ የማስበውን ልንገርህ። ወይ በአጥሩ ጥግ የሚከራይ ክፍል ልትደረድር መሠረት ፈልገሃል፤ ወይ ደግሞ አባታችን ግቢው ውስጥ ወርቅ ቀብሯል የሚለውን ተረት እናትህ ነግራሃለች። ወርቁን ከሆነ አትልፋ። ከሊሾው በፊት እኔ ራሴ ቆፍሬ አጥቼዋለሁ።

አልፈቀድኩም፣ አልከለከልኩም። በመጀመሪያ የግቢውን ፎቶ አሳጥበህ በፖስታ ላክልኝ። ከበሩ ቆመህ አንሣው፣ እስከ ጓሮው ድረስ ይታይ። በስልክ እልካለሁ እንዳትለኝ። በስልክ የመጣ ነገር እንደመጣ ይጠፋል፣ የተባለውም ይካዳል። ወረቀት ግን ሲመሽም ሲነጋም ያው ነው።

አክስትህ

ሚያዝያ 14

ለተከበሩ አክስቴ፣

የጤናዎ ነገር ያሳስበኛል፤ ፈጣሪ ያበርታዎት። እኛ ደህና ነን። ትንሿ ልጄ ጥርሷ ወልቆ ፉጨት ስለለመደች ከዚህ ቤት ሰላም ወጥቷል።

ኪራይ ቤት ልሠራ አስቤ አላውቅም። ተከራይ አስገብቼ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ወረፋ ከምይዝ ብየዳዬን ብይዝ ይሻለኛል። ወርቁንም እናቴ ነግራኝ ነበር፤ እርስዎ ቆፍረው እንዳጡት ግን አልነገረችኝም። ለካ ቤተሰቡ ሁሉ በየተራው ቆፍሮታል።

መምህሩ በነገርኩዎት ስብሰባ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ የጎረቤታችን የአናጢው ሊሾ ላይ፣ ሌላ ባልዲ ደግሞ ሊሾው የተነሣበት ጥግ ላይ ደፉ። የመጀመሪያው እየሮጠ በር ወጣ። ሁለተኛው እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ ሰው በየቤቱ እየጀመረ ነው። አንዱ ቤት ሌላው ቤት ሄዶ በደቦ ያነሣል። አናጢው የተከለው ችግኝ ከጉልበት በታች ነው፣ እሱ ግን ከሥሩ ተቀምጦ ጥላ አገኘሁ ይላል።

እኛ ቤት ግን አንዲት ጠጠር አልተነሣችም። ፎቶውን እነሆ። ሊሾው እንደጠበቁት ነው፤ እንደ መስተዋት። አሁንም ፈቃድዎን በትሕትና እለምናለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሰላም በልልኝ ብላለች። ለክረምቱ ከደጃፏ ላይ ጡብ መደርደር ጀምራለች።

ሽቦ

ግንቦት 3

ሽቦ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። የጥርስ ፉጨት ያልፋል፤ የውሸት ግን አያልፍም።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ሊሾው አለ። በሩም አለ። ከበሩ ጥግ ደግሞ ምላሱን አውጥቶ የተኛው ኮሎኔል አለ። ያ ውሻ የሞተው እናትህ በሕይወት እያለች ነው። በሰው ለቅሶ እንኳ እንዲያ አልተንሰቀሰቅሽም ብዬ ቀልጄባታለሁ፣ ለሦስት ደብዳቤ ያህል ተቀይማኛለች። ኮሎኔል ከሞት ተነሥቶ ከሆነ የምሥራቹን አስቀድመህ ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ካልተነሣ ደግሞ፣ የዛሬውን ግቢ ለማሳየት የምትፈራው ለምንድን ነው?

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። እኔ ግን ዶሮ አይደለሁም። ሊሾው ላይ እጅህን እንዳታሳርፍ። ይህ መልሴ ነው።

አሁን እኔ የምፈልገውን ጻፍልኝ። የበሩን ስፋት ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ለክተህ ላክልኝ። ትልቅ የጭነት መኪና ገብቶ መዞር ይችል እንደሆነ ንገረኝ። ሊሾው የተሰነጠቀ ቦታ አለው? የቤቱን ካርታም ኮፒ አድርገህ አብረህ ላክ። ለምን እንዳትለኝ። እኔ የራሴን ንብረት ነው የጠየቅኩት።

አክስትህ

ግንቦት 25

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት።

ፎቶው የቆየ ነው፤ አልክድም። ፎቶ ቤቱ ማተሚያው ተበላሽቶበት ስለነበር እቤት ካለው መርጬ ላክሁ። ኮሎኔልን አላየሁትም። ይህን ያህል ነው ጥፋቴ።

አሁን እኔም ልጠይቅዎት። ከመቼ ወዲህ ነው የበሩ ስፋት የናፈቀዎት? በሩን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ስፋቱን ከነብረቱ ውፍረት በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አልነግርዎትም። እርስዎ መኪና የለዎትም። እኔ ያለኝ ጋሪ ነው፣ እሱም ጎማው የተነፈሰ። እንግዲህ በኛ በር የሚገባው ትልቅ የጭነት መኪና የማን ነው?

ጥያቄዎችዎን ባለቤቴ ፊት አነበብኳቸው። እሷ ሰው በማማት አትታወቅም። «እንዲህ የሚጠይቀው የሚሸጥ ሰው ነው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ልጆቼ የተወለዱት እዚህ ግቢ ነው። እውነት ካልሆነ አይደለም ብለው ይጻፉልኝ፤ አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

ደመናው ከብዷል። የልብስ ሰፊዋ ጡብ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 12

የእህቴ ልጅ፣

ጥያቄ በጥያቄ አይመለስም።

በቅርቡ አንድ ሰው ይመጣል። በሩን ክፈትለት፣ ግቢውን ይይ። ውሃ ጠማኝ ካለ አጠጣው። ከዚያ በላይ የምትነግረውም የምትጠይቀውም ነገር የለም።

ደህና ነኝ።

አክስትህ

ሐምሌ 8

ለአክስቴ፣

ይድረስ ለርስዎ። ሰውዬው መጣ።

ውሃ አልጠማውም። ጫማውን ያስወለወለ፣ ሜትር በቀበቶው ያንጠለጠለ ሰው ነው። በሩን ከፈትኩለት። አንድ እግሩን አስገብቶ ሌላውን ውጭ እንዳስቀረ ቆመ።

«ሊሾው የታለ?» አለኝ።

«የቱ ሊሾ?»

«ሴትዮዋ ሙሉ ግቢው ሊሾ ነው ብለውኛል። ይሄ ምንድን ነው? እርሻ ነው?»

«ግቢ ነው» አልኩት። «አንተ ማነህ?»

ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። የርስዎ ፊርማ ያለበት ውክልና ነው። የርስዎን ድርሻ ገዝቶ የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። የኔን ድርሻ ደግሞ «ቀስ ብለን እንነጋገራለን» አለኝ፤ ከጎኑ መኪና ሲጓራ እያደረ ማን ይኖራል ማለቱ ነው። ቀኑን አየሁት፣ እትዬ። የፈረሙት የየካቲቱ ደብዳቤዬ ሳይደርስዎት ነው። ወርቅ ትቆፍራለህ ብለው ሲሰድቡኝ እርስዎ ግቢውን ጨርሰውት ነበር።

እንግዲህ የኔንም ይስሙ። ሊሾው የለም። ፈቃድዎን የጠየቅሁበትን ደብዳቤ ስጽፍም አልነበረም። የደቦው ተራ እኛ ጋ ደረሰ፣ ሰው ዲጅኖና መዶሻ ይዞ በር ላይ ቆመ። ቆዩ፣ አክስቴን ልጠይቅ ብል ሳቁብኝ። እስከ ማታ ተነሥቶ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ «አንዲት ጠጠር አላነሣም» ብዬ የጻፍኩልዎት። እሺ ቢሉኝ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል ብዬ ነበር። እምቢ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም። ፈርቼዎት ነው። ብረት የማቀልጥ ሰው ነኝ፣ የርስዎን ደብዳቤ ግን ሳልከፍት አሳድረዋለሁ።

ፍርስራሹን አልጣልነውም። የውሃውን ጉድጓድ የሞላነው በሱ ነው። ሊሾዎ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ከላይ የነበረው ከታች ሆነ እንጂ።

ከሰውዬው በኋላ በሳምንቱ ትልቁ ዝናብ ጣለ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አልጋ ላይ አውጥታ፣ መጥረጊያ ይዛ፣ ደጃፏ ላይ ቆመች። ዝናቡ አባራ። ውሃው አልመጣም። «ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ አውቀዋለሁ» እያለች እስኪመሽ ከበሩ አልተነቃነቀችም። እንደርስዎ ናት፣ ደግ ነገር ሲያጋጥማት መጀመሪያ ትጠረጥራለች። ሁሉም ነገር ሰምሯል ብዬ ግን ደግሜ አልዋሽዎትም። በጓሮ በኩል ያለው አፈር ጥቁር ጭቃ ሆኖ ልጆቹ ቤት ድረስ ያስገቡታል፣ ባለቤቴ ጠዋትና ማታ መምህሩን ትረግማለች። ጉድጓዱም አንድ ቀን ሞልቶ ፈስሷል።

ሰውዬው ሲወጣ «ሊሾው መልሶ ይሠራል፣ እንዲያውም በወፍራሙ» ብሎኛል። እንደዚያ ከሆነ ያ ሁሉ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ እኔም እርስዎም እናውቃለን። እኔና ልጆቼ የት እንደምንሄድ ግን አላውቅም።

ተቆጥቻለሁ። እናቴ ብትኖር እርስዎን ነበር የምትቆጣው። ወይ እኔን። እንጃ።

ሽቦ

ነሐሴ 29

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከነቤተሰብህ ይጠብቅህ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ አልልም፤ ማሰቢያ ነው ያደረግሁት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጠርጥሬ ነበር፣ ልክም ነበርኩ። አንተም ጠርጥረህ ነበር፣ ልክ ነበርክ። ከዚህ ቤተሰብ ሞኝ አይወለድም፤ ሐቀኛም የሚወለድ አይመስለኝም።

ለምን እንደፈረምኩ ልንገርህ። እጄ አንሶላ መጭመቅ ተወ። አለቃዬ ማጠፊያ ክፍል አዛወረችኝ። ማጠፍ ቀላል ነው ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው አጥፈው አያውቁም። እዚህ ያሉትን ሽማግሌዎች በየቀኑ አያለሁ። ዘመዶቻቸው ሲመጡ ኮታቸውን አያወልቁም። ኮቱን ያላወለቀ እንግዳ ሊሄድ የመጣ ነው። እኔም ነገ ከነዚህ አልጋዎች በአንዱ ላይ ልተኛ ነው፣ ኮት ለብሶ እንኳ የሚመጣ የለኝም ብዬ አሰብኩ። ድርሻዬን ልሽጥና እዚሁ አንዲት ክፍል ልግዛ አልኩ። ለአንተ ልነግርህ አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ፣ ታውቀኛለህ።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አስቀምጫለሁ። አውጥቼ አነበብኳቸው። አንዱ ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ አንዱ ላይ የብየዳ ማሽን፣ አንዱ ላይ ጣሪያ። በመጨረሻዎቹ ላይ ፈቃድ አለ። «መቼ ይመጣሉ?» የሚል የለም። እናትህ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ሽቦ። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፣ ወረቀቱ ላይ የምታየው ውሃ የዝናብ እንዳይመስልህ።

ቃልህን ስላላመንኩ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወልኩ። በስልክ እንደማላምን አውቃለሁ፤ ከአንተ ወረቀት ግን የሷን ድምፅ መረጥኩ። ውሃው ገባብሽ ወይ አልኳት። «እስካሁን አልገባም» አለች፤ ክረምቱ እያለቀ፣ አሁንም እስካሁን ነው የምትለው። መኪናዋን ከአልጋ ላይ አውርዳዋለች። ከዚያ «አንቺስ፣ የማትመጪው ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሥራ አስፈቅጄ ውክልናውን ለመሻር ኤምባሲ ሄድኩ። ጸሐፊው ምክንያቱን ሙሉልኝ አለ። ሊሸጥ የነበረው ሊሾ ስለሌለ ነው አልኩት። አልገባውም፤ «የግል ጉዳይ» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ከእንግዲህ ሜትር ይዞ ቢመጣ በሩን አትክፈትለት። የተሻረበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፣ ማኅተሙን በብርሃን እየው። እኔ ብሆን አይ ነበር።

ዛፍ ወድጄ እንዳይመስልህ። ስለ መምህሩ ጥማትም አይደለም። ሊሾ ባለቤቱ ባይኖርም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ያኔ ሊሾ ያስደረግሁት ለካ ላለመምጣት ኖሯል። አሁን አፈር አደረግከው። አፈር ደግሞ ባለቤቱ አጠገቡ ካልተቀመጠ ሌላ ሰው ይተክልበታል። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ፤ ቆፍረህ ከጨረስክ በኋላ ነው የምታስፈቅደው።

ስለዚህ እየመጣሁ ነው። መጦሪያ ቤቱን ወር ቀረኝ ብያቸዋለሁ። በመካከሉ ገመድ ዘርጋ፤ ከገመዱ ወዲህ ያለው ግማሽ የኔ ነው። እስክደርስ ማንም ምንም እንዳይተክልበት።

አክስትህ